ሁለት ቋንቋና የሕዝብ ትምህርት፦ የኒው ብረንዝዊክ ልምድ

በምሥራቅ ካናዳ፥ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ጠረፍ የሚገኘው ኒው ብረንዝዊክ፥ ከአገሪቱ ክፍላተ ሀገር መካከል እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ በሕገ መንግሥት እኩል የመንግሥት ቋንቋ የሆኑበት ብቸኛው ነው። ከሕዝቡ ሁለት ሦስተኛው ያህል እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሲሆን፥ ሲሶው ያህል ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነው፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ አካዲያውያን ይባላሉ። የክፍለ ሀገሩ የትምህርት ታሪክ እንደሚያስረዳው፥ ቋንቋ በሕግ ስለታወቀ ብቻ በትምህርት ቤት እኩል አይሆንም፤ በጀቱ፥ መምህሩና አስተዳደሩ አብረው መሟላት አለባቸው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የችግሩ መነሻ

በ1871 የወጣው ሕግ በግብር የሚተዳደሩ፥ ከሃይማኖት ወገንተኝነት ነጻ የሆኑና ያለ ክፍያ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችን አቋቋመ። ካቶሊካውያን የሆኑት አካዲያውያን ግን ሕጉ የቤተ ክርስቲያን ትምህርታቸውን የሚያሳጣ ሆኖ ስላገኙት ግብሩን ተቃወሙ። በጥር 1875 በካራኬት በተነሣው ግጭት ሁለት ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት ስምምነት ቢደረስም፥ የትምህርት ቤቱ ገቢ በአመዛኙ ከየአካባቢው የንብረት ግብር መገኘቱ ቀጠለ። ከዚህም የተነሣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች በሚበዙባቸው ድኻ የገጠር ወረዳዎች የመምህሩ ደመወዝ ዝቅተኛ፥ የትምህርት መሣሪያውም ጥቂት ሆኖ ኖረ።

በጀትና መምህር

በ1960 ሥልጣን የያዙት ልዊ ሮቢሾ ለዚህ ችግር የሰጡት መልስ «እኩል ዕድል» የተባለው ፕሮግራም ነው። ከ1967 ጀምሮ የትምህርት ወጪ ከየአካባቢው ምክር ቤት ወደ ክፍለ ሀገሩ መንግሥት ተዛወረ፤ የትምህርት ወረዳዎችም ከ422 ወደ 33 ዝቅ አሉ። በመሆኑም የሕፃኑ ትምህርት በሰፈሩ ሀብት መጠን መለካቱ ቀረ።

ይሁን እንጂ ገንዘብ ያለ መምህር ፍሬ አይሰጥም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ከ1785 ጀምሮ የሚቆጠር የኒው ብረንዝዊክ ዩኒቨርስቲ ሲኖራቸው፥ አካዲያውያን ለረዥም ዘመን በካህናት በሚመሩ ትንንሽ ኮሌጆች ተወስነው ነበር። በ1963 የሞንክተን ዩኒቨርስቲ ተመሠረተ፤ በ1968ም በዚያው ከተማ በፈረንሳይኛ የሚያስተምር የመምህራን ማሠልጠኛ ተከፈተ፥ በኋላም ከዩኒቨርስቲው ጋር ተዋሐደ። ከ1978 ወዲህ ዩኒቨርስቲው የእንግሊዞችን ሥርዐት የተከተለውን ሕግ በፈረንሳይኛ ያስተምራል። ስለዚህ ተማሪው ከአንደኛ ክፍል እስከ ዲግሪ በቋንቋው ለመዝለቅ ቻለ።

አስተዳደር

የሁለቱ ቋንቋዎች እኩልነት በ1969 ታወጀ። ልጆቹ ተቀላቅለው በሚማሩበት ቤት ግን ብዙኃኑ የሚናገሩት እንግሊዝኛ እያየለ ስለሄደ፥ አካዲያውያን የተለየ አስተዳደር ጠየቁ። በ1974 የትምህርት ሚኒስቴሩ ለእያንዳንዱ ቋንቋ አንድ ምክትል ሚኒስትር ተሾመለት፤ ከዚያም ወረዳዎቹ በቋንቋ ተለዩ። በ1993 ይህ መብት በካናዳ ሕገ መንግሥት ገባ። ዛሬ አራት የእንግሊዝኛና ሦስት የፈረንሳይኛ ወረዳዎች አሉ።

ያልተፈታው ጥያቄ

እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች አብዛኛውን ትምህርት በፈረንሳይኛ የሚከታተሉበት ኢመርዥን የተባለው ፕሮግራም ግን እስካሁን ያከራክራል። በ2008 መንግሥት በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ይሰጥ የነበረውን ሊያስቀር ሲነሣ ወላጆች አጥብቀው ተቃወሙ፤ መነሻው ወደ ሦስተኛ ክፍል ቢዛወርም፥ በ2017 ወደ አንደኛ ክፍል ተመለሰ። በ2023ም ፕሮግራሙን በሌላ ለመተካት የቀረበው ዕቅድ ከተቃውሞ በኋላ ተትቷል። ተቺዎቹ እንደሚሉት፥ ጠንካሮቹ ተማሪዎች ወደ ኢመርዥን ሲሄዱ፥ የተለየ ድጋፍ የሚያሻቸው በሌላው ክፍል ይከማቻሉ። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ልጁ ሁለተኛ ቋንቋ የሚያገኝበትን ዋና በር መዝጋት አይገባም ይላሉ።

የልዩነቱ ምክንያት ግልጽ ነው። አካዲያዊው ሕፃን እንግሊዝኛን በገበያውም በመንገዱም ያገኘዋል፤ ትምህርት ቤቱ የሚጠብቅለት ፈረንሳይኛውን ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን ፈረንሳይኛን ከትምህርት ቤት ውጭ እምብዛም አይሰማም። ስለሆነም እኩልነት ለሁለቱ አንድ ዓይነት ትምህርት መስጠት ሳይሆን፥ ለእያንዳንዱ የጎደለውን ማሟላት ነው። ዕቅድ አውጪው ቋንቋን ከመወሰኑ በፊት «ማን ያስተምረዋል? በማን በጀት? እስከ የትኛውስ ደረጃ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ አዋጁ ከወረቀት አልፎ ክፍል ውስጥ ይገባል።