ሊኑክስ ከመጫናችን በፊት ልጁን እንጠይቅ

ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፤ የምኖረው አቃቂ ቃሊቲ ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ሲያቆም፣ አሮጌው ኮምፒውተራችን ዊንዶውስ 11ን አልቀበል አለ። ጠጋኙ «ሊኑክስ ነፃ ነው፤ ልጫንላችሁ» ሲለኝ ደስ ብሎኝ አስጫንኩ። የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ግን አለቀሰ። «እማማ፣ ፎርትናይት እኮ አይሠራም! ዱባይ ካለው ወንድሜ ጋር የምንጫወተው እሱን ነው።»

እውነቱን ነው። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ በ2010 ዓ.ም. ፕሮቶን የሚባለውን ፕሮግራም ካወጣ ወዲህ ብዙ የዊንዶውስ ጨዋታዎች በሊኑክስ ይሠራሉ። አንዳንድ የኢንተርኔት ጨዋታዎች ግን አጭበርባሪ የሚይዘው ፕሮግራማቸው ሊኑክስን ስለማይቀበል አይሠሩም፤ ፎርትናይት አንዱ ነው።

በሥራ ዘመኔ መርፌ ከመውጋቴ በፊት «የማይስማማህ መድኃኒት አለ?» እል ነበር። እቤቴ ግን ሳልጠይቅ ወሰንኩ።

አሁን ወንድማማቾቹ ሱፐርታክስካርት የሚባል ነፃ የመኪና እሽቅድምድም በኢንተርኔት ይጫወታሉ፤ በሊኑክስም በዊንዶውስም ይሠራል። ፎርትናይት ግን አሁንም ይናፍቀዋል።

እናንተ ከመቀየራችሁ በፊት የልጁን ጨዋታዎች ስም ጻፉ፤ ከማን ጋር እንደሚጫወት ጠይቁ፤ ፎቶዎቹንና የትምህርት ፋይሎቹን በፍላሽ አስቀምጡ።