በሣጥን የሚዞረው የበረዶ ሆኪ

በካናዳ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ኖርዝ ሲድኒ በምትባል ከተማ፣ አንድ ያረጀ የእንጨት ዱላ ለዓመታት ከፀጉር አስተካካይ ቤት ተሰቅሎ ኖሯል። ከአንድ እንጨት የተጠረበ፣ ጫፉ የተቆለመመ የሆኪ ዱላ ነው። ባለሙያዎች ሲመረምሩት በ1830ዎቹ አጋማሽ ግድም የተሠራ ሆኖ ተገኘ፤ በ2015 የካናዳ ታሪክ ሙዚየም በ300,000 የካናዳ ዶላር ገዛው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይኸው ሙዚየም ከኦታዋ ወንዝ ማዶ፣ ጋቲኖ ከተማ ይገኛል። በማርች 2017፣ ካናዳ 150ኛ ዓመቷን በምታከብርበት ወቅት፣ «ሆኪ» የተሰኘ ትልቅ ዐውደ ርእይ ከፈተ። በዚያው ዓመት መገባደጃ ዐውደ ርእዩ ወደ ሞንትሪያል ተሻገረ። ማረፊያው ተገቢ ነበር፤ ማርች 3 ቀን 1875 በቤት ውስጥ የተካሄደው የመጀመሪያው ሕግ ያለው የሆኪ ግጥሚያ የተደረገው እዚያው ሞንትሪያል ነው፤ በያንዳንዱ ወገን ዘጠኝ ተጫዋቾች ተሰልፈው።

በገና ሰሞን ሩር በዱላ ሲያሳድድ ላደገ ሰው ጨዋታው እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ ሜዳው በረዶ፣ ጫማው ስለት ያለው፣ የሚመታውም 170 ግራም ገደማ የሚመዝን ጠፍጣፋ ክብ ጎማ መሆኑ ነው። ዛሬ በአንድ ወገን በረኛውን ጨምሮ ስድስት ሰው ይገባል።

ተዘዋዋሪ ዐውደ ርእይ ማዘጋጀት ከባድ ሥራ ነው። የሱፍ ማሊያን ብርሃን ያደበዝዘዋል፤ ስለዚህ ሙዚየሞች ጨርቅ የሚያሳዩት 50 ሉክስ ገደማ በሆነ ደብዛዛ ብርሃን ነው። እንጨትና ቆዳ ደግሞ አየሩ ሲደርቅ ይሰነጠቃሉ። ሣጥኖቹ ከመኪና እንደወረዱ አይከፈቱም፤ የአዳራሹን አየር እስኪለምዱ ይቆያሉ። ከዚያ ባለሙያው እያንዳንዱን ዕቃ ከመዝገቡ ጋር እያመሳከረ አዲስ ጭረት ይኖረው እንደሆነ ያያል። ይህ በየከተማው ይደገማል።

ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ ማሊያ ይገባዋል? እኔ ይገባዋል እላለሁ። የሞንትሪያሉን ተጫዋች የሞሪስ ሪሻርን ማሊያ ለምሳሌ እንውሰድ፤ ሪሻር በ1944–45 የውድድር ዘመን በ50 ጨዋታ 50 ጎል ያገባ፣ የፈረንሳይኛ ተናጋሪው ኩቤክ ኩራት ነበር። በማርች 1955 የሰሜን አሜሪካው ትልቅ የሆኪ ሊግ ፕሬዚዳንት እስከ ዓመቱ ውድድር ፍጻሜ ሲያግደው ሞንትሪያል በሁከት ተናወጠች፤ መስኮት ተሰባበረ፣ ሱቅ ተዘረፈ። ሕዝቡ የተቆጣው ስለ አንድ ተጫዋች ብቻ አልነበረም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ አለቆች እንደናቁት የሚሰማው ሕዝብ ነበር።

ሆኪን የሚያሳይ ሙዚየም ዋንጫና ጎል ብቻ ደርድሮ ቢሰናበት ግን ግማሹን ታሪክ ይደብቃል። በ1895 በሃሊፋክስ ጥቁር ካናዳውያን ከአብያተ ክርስቲያናቸው ቡድን አውጥተው የራሳቸውን ሊግ መሠረቱ። የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች፣ ዊሊ ኦሪ፣ ትልቁ ሊግ ውስጥ ለመግባት እስከ 1958 መጠበቅ ነበረበት። የቻይና ዝርያ ያለው ላሪ ኩዎንግ በ1948 ለኒውዮርክ ሬንጀርስ ቡድን የተሰለፈው ለአንድ ጨዋታ፣ ያውም በመጨረሻው ክፍል ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። አቢ ሆፍማን የተባለች የቶሮንቶ ልጅ ደግሞ በ1950ዎቹ አጋማሽ ፀጉሯን አሳጥራ ከወንዶች ቡድን ጋር ተጫወተች፤ ሴት መሆኗ የታወቀው የልደት ማስረጃ ሲጠየቅ ነው። የእነዚህ ሰዎች ታሪክ ከዋንጫዎቹ እኩል በመሐል አዳራሽ መቀመጥ አለበት፤ ጥግ ተፈልጎለት መሆን የለበትም።

የመዘዋወሩ ትልቁ ጥቅም የሚመስለኝም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ዐውደ ርእይ የሚቀበል ሙዚየም ብዙ ጊዜ የአካባቢውን ዕቃ ይጨምርበታል፤ የመንደሩን ቡድን ፎቶግራፍ፣ የሴቶቹን ቡድን ማሊያ። በካናዳ በ2008 ሆኪ በፑንጃቢ ቋንቋ ጭምር በቴሌቪዥን መተላለፍ ጀመረ። ፑንጃቢ ተናጋሪዎች በብዛት በሚኖሩበት በቫንኩቨር አካባቢ የሚቆም ዐውደ ርእይ ይህን ሳያሳይ ቢቀር፣ ከአዳራሹ በር ውጭ ያለውን ደጋፊ ዘነጋው ማለት ነው።