ምልክታዊ ስሌትና ውጫዊ ቁጥራዊ ላይብረሪ፦ በኑብያ ቋንቋዎች ንጽጽር መነሻነት

የኖቢንና የዶንጎላዊ ቋንቋዎች ዝምድና ሲያከራክር ቆይቷል። የጋራ መሠረታዊ ቃላትን ብቻ የቆጠረ ሁለቱን የቅርብ እኅትማማቾች ይላቸዋል፤ ማሪያነ ቤክሃውስ-ገርስት ግን ቅርበቱ በአብዛኛው የረጅም ዘመን ንክኪ ውጤት ነው ሲሉ ተከራክረዋል። ይህን በስሌት ሊፈትሽ የሚነሣ የቋንቋ ባለሙያ ሁለት ዓይነት መሣሪያ ያስፈልገዋል።

የመጀመሪያው እንደ ማክሲማ ያለ የምልክታዊ አልጀብራ ሥርዓት ነው። ቀመሮችን እንደ ቀመር ይይዛል፤ ሁለት ሦስተኛንም ሳያጠጋጋ ሁለት ሦስተኛ ብሎ ያቆየዋል። የሞሪስ ስዋዴሽን ቀመር ቢሰጡት የመለያየት ዕድሜ ከቃላት የቆይታ ምጣኔ ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ በግልጽ ያሳያል። ሁለት ቋንቋዎች ከመሠረታዊ ቃላታቸው 60 በመቶውን ይጋራሉ እንበል። በሺህ ዓመት 86 በመቶ ቃል ይቆያል ከተባለ ዕድሜው 1,700 ዓመት ገደማ ነው፤ 80.5 በመቶ ከተባለ ወደ 1,180 ይወርዳል። ከዚህ በኋላ ዕድሜን እስከ ዐሥር ዓመት ለይቶ ማተም ድፍረት ነው።

ቋንቋዎቹ ሃያ ሲሆኑ ግን ነገሩ ይለወጣል። የሃያ በሃያ ማትሪክስ አይገንቫልዩ የሃያኛ ደረጃ እኩልታ መፍታትን ይጠይቃል፤ ከአራተኛ ደረጃ በላይ ደግሞ አጠቃላይ የሥር ቀመር የለም። ስለዚህ ሥርዓቱ ሥራውን በፎርትራን ለተጻፈው፣ በ1992 እ.ኤ.አ. ለወጣው ላፓክ ያስተላልፋል። በመተላለፊያው ላይ ሁለት ሦስተኛ ወደ 16 አኃዝ ገደማ ብቻ ወደሚይዝ ዐሥርዮሽ ይለወጣል።

ይህ ማጠጋጋት እምብዛም አያሳስብም። የሚያሳስበው የቅደም ተከተል ስሕተት ነው። ፎርትራን ማትሪክስን በዓምድ ያነባል፣ ሲ ደግሞ በረድፍ። የተዘጋጁ ማገናኛዎች ይህን ያስተካክላሉ፤ ላይብረሪውን በራሱ እጅ የሚጠራ ተመራማሪ ግን ካልተጠነቀቀ ረድፉ ዓምድ ይሆንበታል። የጋራ ቃላት ማትሪክስ ሚዛናዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም። የውሰት ቃላት ማትሪክስ ግን አቅጣጫ አለው፦ ዐረብኛ ለኖቢን የሰጠው ኖቢን ለዐረብኛ ከሰጠው ጋር አይተካከልም። ሲገለበጥ አዋሹ ተዋሽ፣ ተዋሹም አዋሽ ይሆናል።

ከዚህም የከፋው፣ የተገለበጠ ማትሪክስ አይገንቫልዩ ከዋናው ጋር አንድ መሆኑ ነው፤ እነርሱን ብቻ ያመሳከረ ስሕተቱን አያየውም። የሚለየው አይገንቬክተሩ ነው። የመጀመሪያ ረድፉ 1 እና 2፣ ሁለተኛው 0 እና 3 የሆነ ማትሪክስ ለ3 የሚሰጠው 1 እና 1 ነው፤ ሲገለበጥ 0 እና 1 ይሆናል። ምልክታዊው ሥርዓት ትክክለኛውን መልስ ስለሚያውቅ፣ ዋናው መረጃ ከመላኩ በፊት ይህን ማትሪክስ ወደ ላይብረሪው ልኮ መልሱን ማነጻጸር ጥቂት ሰከንድ ይወስዳል።