ከአባያ ማዶ የመጣው ጥለት ሽሮ ሜዳን ዞሮ ዲላ የሚደርሰው ለምንድን ነው?

የቡና ለቀማ ተጠናቆ ጥር ሲቃረብ በጌዴኦ ዞን የሰርግና የዘመን መለወጫው የደራሮ በዓል ዝግጅት ይደራረባል። በዚህ ወቅት ከቡና ሽያጭ ከተገኘው ገንዘብ ቀላል የማይባለው ወደ ልብስ ይሄዳል። ሙሽራዋን፣ ሚዜዎቿንና ቤተ ዘመዱን በአንድ ዓይነት ጥለት ለማልበስ የሚሹ ቤተሰቦች ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ከመካከላቸው ጨርቅ የሚለይ ዓይን ያለውን ሰው መርጠው ወደ ሰሜን ይልካሉ። ሐዋሳ ላይ ገዝተው የሚመለሱ አሉ። የሀገር ባህል ልብስ በብዛትና በዓይነት የሚገኝበት ግን ከዲላ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው የአዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ ነው።

የተላከው ሰው በኪሱ የሚይዘው የብዙ ቤት ገንዘብ ነው። በእጅ የተሸመነ መስሎት በማሽን የታተመ ጨርቅ ይዞ ቢመለስ ጉዳቱ ገንዘብ ላዋጡት ሁሉ ይተርፋል። ከመሳፈር በፊት ጨርቁ ከየት እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚሠራና ከአስመሳዩ በምን እንደሚለይ ማወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሽሮ ሜዳ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው። የሰፈሩን ስም ያስጠራው ከጋሞ ደጋማ ቀበሌዎች፣ በተለይም ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ፣ ወደ አዲስ አበባ የፈለሱ ሸማኔዎች ሙያ ነው። ፍልሰቱ የተጀመረው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወዲህ፣ ከተማዋ መስፋፋት ስትጀምር ነበር። በጋሞ ደጋ የእርሻ መሬት ጠባብና ሕዝቡ የበዛ በመሆኑ ሽመና ለብዙ ቤተሰብ ሁለተኛ ማሳ ሆኖ ኖሯል። ከእንሰትና ከቡና ጥላ ሥር በትንሽ መሬት ብዙ ቤተሰብ ለሚያስተዳድረው የጌዴኦ አርሶ አደር ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም።

እዚህ ላይ ካርታ ዘርግቶ መመልከት ያስፈልጋል። ዲላና ጨንቻ በአየር ላይ ቢለካ 100 ኪሎ ሜትር እንኳ አይራራቁም። በመካከላቸው ያለው የአባያ ሐይቅና ሸለቆው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሁለቱም በአንድ ክልል፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ሥር ናቸው። ሆኖም የጋሞ ሸማኔ እጅ ያረፈበት ጥለት በቀጥታ ሐይቁን ተሻግሮ አይመጣም። ሸማኔው ራሱ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ወይም ጨርቁን ነጋዴ ይወስድለታል፤ ከዚያ በሱቅ ተሰቅሎ የዲላ ገዢ ይጠብቀዋል። የዲላው ሰውም በሐዋሳና በሻሸመኔ አድርጎ ወደ ሰሜን ወጥቶ፣ ጎረቤቱ የሠራውን ገዝቶ በዚያው መንገድ ይመለሳል። ምክንያቱ ገበያ ነው፤ ጥለት መራጭ በርከት ያለ ምርጫ ወዳለበት ይሄዳል፣ ሸማኔውም ገዢ ወደሚበዛበት። በዚህ ሁሉ ዙር የመጓጓዣውና የደላላው ወጪ የሚታሰበው ግን በመጨረሻው ገዢ ላይ ነው።

ጥጡ ራሱ የቆላ ልጅ ነው። በአርባ ምንጭ ዙሪያ፣ በኦሞና በአዋሽ ሸለቆ፣ በመተማና በሁመራ ቆላማ መሬቶች ይመረታል፤ ለይርጋጨፌና ለቡሌ ደጋ አይመቸውም። ከማሳ ከነፍሬው የተለቀመ ጥጥ ሲዳመጥ ለፈትል የሚሆነው ከክብደቱ ሲሶ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለው ብቻ ነው። ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ቡና ታጥቦና ደርቆ አንድ ኪሎ ገደማ እንደሚሆን ለሚያውቅ አርሶ አደር ይህ ስሌት አያስደንቀውም።

ፍሬው በመዳመጫ ከተለየ በኋላ ጥጡ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፣ ከዚያም በእንዝርት ይፈተላል። መፍተል በልማድ የሴቶች ሥራ ሲሆን ሽመናው በጋሞ የወንዶች ነው። ስለዚህ አንድ ጋቢ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ ሸማኔው መወርወሪያውን ከማንሣቱ በፊት የፈታይዋ የብዙ ቀናት ድካም አለበት። በዋጋ ክርክር ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው።

ሸማኔው በርዝመት የሚዘረጋውን ክር ድር፣ በአግድም የሚያስገባውን ማግ ይለዋል። ድሩን አድርቶ ከመሸመኛው ጋር ካገናኘ በኋላ በጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ይሰድዳል። በእግሩ መርገጫውን ሲጫን ድሩ ለሁለት ይከፈላል፤ በተከፈተው መሐል መወርወሪያውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያሳልፋል፣ ማጉን ጠበቅ አድርጎ ይመታል። ለሜዳው ጨርቅ ሥራው ይህ ብቻ ነው። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ግን ፍጥነቱ ይቀንሳል። የድሩን ክሮች በቁጥር እያነሣ በየመካከላቸው ባለ ቀለም ክር ያስገባል፤ መስቀል፣ የዓሣ አጥንት የመሰለ መስመር ወይም ድርብርብ ዳይመንድ የሚወጣው በዚህ ቆጠራ ነው። ንድፉ በወረቀት ላይ ያለ አይደለም፤ በሸማኔው ራስ ውስጥ ነው። ሰፊ ጥለት ያለው ቀሚስ ከስስ ነጠላ ብዙ እጥፍ ሊወደድ የሚችለውም ለዚሁ ቆጠራ በሚጠፋው ጊዜ ምክንያት ነው።

በገበያው ውስጥ “የሀገር ባህል” በሚል አንድ ስም የሚሸጡት ጨርቆች በእውነቱ የተለያዩ ናቸው። ማጉ በእንዝርት የተፈተለበት ሸማ አለ፤ ለስላሳና ሞቃት ሲሆን ክሩ እዚህ ወፈር እዚያ ቀጠን ይላል። ድሩም ማጉም የፋብሪካ ክር የሆነ፣ ነገር ግን በእጅ የተሸመነ አለ፤ ዛሬ በብዛት የሚገኘው ይህ ነው፣ ምንም ነውር የለበትም፣ ዋጋው ግን ከፈትሉ ጋር መስተካከል የለበትም። ጥለቱ ሳይሸመን በስፌት ማሽን የተጠለፈበትም አለ። በመጨረሻም በውጭ ፋብሪካ በፖሊስተር ላይ የጥለት ምስል የታተመበት ጨርቅ አለ፤ ከሩቅ ሲታይ ሸማ ይመስላል።

ለመለየት የመጀመሪያው ሥራ ጨርቁን መገልበጥ ነው። የተሸመነ ጥለት ክሩ በግልባጩም ይታያል፤ የታተመው በጀርባው ደብዛዛ ወይም ነጭ ነው። የተጠለፈው ደግሞ ከሥሩ የስፌት ክር ቋጠሮና ብዙ ጊዜም የማጠንከሪያ ጨርቅ አለበት። ቀጥሎ ስፋቱን ማየት ይጠቅማል፤ የባህላዊ መሸመኛ ስፋት በሸማኔው ክንድ የተወሰነ ስለሆነ ጨርቁ ጠባብ ነው፣ ሰፊ ልብስ ሲፈለግ ጎን ለጎን ይሰፋል። በመሐሉ ስፌት የሌለው በጣም ሰፊ “ሸማ” ጥያቄ ያስነሣል። ጥርጣሬው ከቀጠለ ከጫፉ አንድ ክር መዝዞ ማቃጠል ነው፦ ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ግን ቀልጦ እንደ ጠጠር ይጠጥራል። ይህ ሙከራ ለነጩ ሜዳ እንጂ ለጥለቱ አይሠራም፤ እንደ ሳባና ወርቀ ዘቦ ያሉ አብረቅራቂ የጥለት ክሮች በእውነተኛው የእጅ ሸማም ውስጥ ይገባሉና።

በጋራ ለሚገዙ ሰዎች ሌላም ጣጣ አለ። አንድ ዓይነት የሚባል ቀይ ክር ከተለያየ ጊዜ ማቅለሚያ ሲወጣ ቀለሙ በጥቂቱ ይለያያል። የስምንት ሰው ቀሚስ በአንድ ጥለት ከተፈለገ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት ክር፣ ቢቻል በአንድ ሸማኔ እጅ እንዲሠራ ማዘዝ ይገባል፤ ግማሹን በኅዳር፣ ግማሹን በጥር መግዛት በሰርጉ ፎቶ ላይ ይታወቃል። ልኩም በክንድ ሳይሆን በሜትር ቢስማሙ ይሻላል፤ የአንዱ ክንድ ከሌላው ክንድ እኩል ስላልሆነ ሲከፋፈሉ ቅሬታ የሚነሣው ከዚያ ነው። አዲስ የጥጥ ሸማ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል። ስለሆነም ልብስ ሰፊው መቀሱን ከማሳረፉ በፊት ጨርቁን በቀዝቃዛ ውኃ ነክሮ በጥላ ማድረቅና ለዚያም ትርፍ አድርጎ መግዛት ያስፈልጋል። ቀለሙ የሚለቅ መሆኑን ለማወቅ እርጥብ ነጭ ጨርቅ በጥለቱ ላይ ማሸት በቂ ነው። በረኪና ለባለ ጥለት ልብስ ጠላት ነው።

ከስምንት ቀሚስ የሚተርፈው ቁርጥራጭስ? በአማርኛ ጨርቅ በጨርቅ ላይ የተጣፈበት ልብስ ድሪቶ ይባላል፤ ቃሉም የድህነት ምልክት ሆኖ ቆይቷል። በሌላው ዓለም ግን ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥሞ፣ በመሐሉ ሙቀት የሚይዝ ነገር አድርጎና ከሥር ሌላ ጨርቅ ደርቦ መስፋት ኩዊልት የሚባል የተከበረ ሙያ ነው። ሙያተኞቹ የየሀገሩን ጥበብ የያዙ ጨርቆች ይለዋወጣሉ፤ ለዚሁ ሲሉ ከከተማ ወደ ከተማ ይጓዛሉ። በአሜሪካ አላባማ ግዛት ጂስ ቤንድ በምትባል የገጠር መንደር የሚኖሩ ጥቁር ሴቶች ከአሮጌ የሥራ ልብስ የሰፏቸው ኩዊልቶች እ.ኤ.አ. በ2002 በሂዩስተንና በኒውዮርክ ሙዚየሞች ታይተዋል፤ በ2006 ደግሞ በአሜሪካ የፖስታ ቴምብር ላይ ወጥተዋል። ሴቶቹ መስፋት የጀመሩት ለብርድ ነበር። የእኛም ጋቢ ከዚህ የራቀ አይደለም፦ አራት እጥፍ ሆኖ ሲደረብ በየመካከሉ የሚቀረው አየር ሙቀት ይይዛል፣ የቡሌ ብርድ የሚመከተውም በዚያ ነው። በዲላ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ከየቀሚሱ የሚቆረጠው የጥለት ፍራፊ ለትራስ ልብስ፣ ለቦርሳ ወይም ለሕፃን መጠቅለያ ቢገጣጠም ራሱን የቻለ ዕቃ ይወጣዋል፤ መጣሉ ያስቆጫል።

የዋጋውን ጉዳይ ከስም ጋር አያይዞ ማየትም ይገባል። የጌዴኦ አርሶ አደር ስም ምን ያህል እንደሚያወጣ ከማንም በላይ ያውቃል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ጠይቃ፣ ከብዙ ክርክር በኋላ በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ላይ ደርሳለች። የጋናው ኬንቴ ሽመና ደግሞ በ2024 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ጥለትን ግን በአንድ ሰው ስም ማስመዝገብ ይከብዳል። በሀገራችን የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ጥበቃ የተደነገገው በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ሲሆን ጥበቃው የሚሰጠው ለአዲስ ንድፍ ነው፤ ከአያት የወረደ ጥለት በትርጓሜው አዲስ አይደለም። ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ መስመር ያለው ዱንጉዛ በየፋብሪካው ሲኮረጅ ጋሞና ወላይታ የሚያገኙት የለም። ማኅበራት የጋራ ምልክት አውጥተው በጨርቃቸው ጫፍ ቢሰፉ ገዢው ቢያንስ የሚጠይቀው ነገር ያገኛል።

ዝቅተኛ ዋጋ ሁልጊዜ መልካም ዜና ላይሆንም ይችላል። ከጋሞ ደጋ ሕፃናት ትማራላችሁ ተብለው ወደ አዲስ አበባ ከተወሰዱ በኋላ ለረጅም ሰዓት በሽመና ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠው እንዲሠሩ መደረጋቸው ለዓመታት ሲነገር የቆየ ችግር ነው። የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴርም በእጅ የተሸመነ የኢትዮጵያ ጨርቅን የሕፃናት ጉልበት ካለባቸው ምርቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላው ልጅ ሊቀጠር አይችልም። ከሱቅ ይልቅ ከሸማኔዎች ማኅበር የሚገዛ ሰው ጨርቁ ማን እጅ ላይ እንደተሠራ በዓይኑ ለማየት ዕድል አለው፤ ሸማኔው ከጉድጓዱ አጠገብ ጥለቱን ሲያሳይ ዋጋውን መደራደርም የተለየ ነው።

ለትልቅ ትዕዛዝ፣ ለምሳሌ ለሰርግ ወይም ለመዘምራን ቡድን፣ ከአርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ወደምትገኘው ጨንቻ በቀጥታ መሄድ ወይም በዚያ ካለ ማኅበር ጋር በስልክ ተነጋግሮ ናሙና ማስላክ አማራጭ ነው። መንገዱ አባያን ስለሚዞር አጭር አይሆንም፣ ለሁለት ነጠላም አያዋጣም። ትዕዛዙ ግን ከሰርጉ ቀን ብዙ ሳምንት ቀድሞ መሰጠት ይኖርበታል፤ ሰፊ ጥለት በችኮላ አይቆጠርምና ለጥር የሚፈለግ ልብስ ቡናው ገና መቅላት ሲጀምር ቢታዘዝ ለሸማኔውም ለልብስ ሰፊውም በቂ ጊዜ ይሰጣል።