የዱር እንስሳት በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል

የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥነ ሥዕል ውስጥ የዱር እንስሳት ጎልተው ከሚታዩባቸው ሥዕሎች አንዱ ነው። በሕዝብ ዘንድ በአጭሩ «አቦ» የሚባሉት ጻድቅ ሰውነታቸው በጠጉር ተሸፍኖ፣ እጃቸውን ለጸሎት ዘርግተው፣ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመው ይሣላሉ። ሥዕሉ በመላ አገሪቱ ይገኛል፤ ከጻድቁ ታሪክ ጋር በቅርብ የተያያዙት ሁለቱ ቦታዎች ግን የዝቋላ ተራራና በጉራጌ ምድር፣ በሶዶ የሚገኘው የምድረ ከብድ ገዳም ናቸው።

በኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ አንበሳ ብዙ ጊዜ የንጉሥ አርማ ወይም የአዳኝ ግዳይ ሆኖ ይታያል። በአቦ ሥዕል ግን አንበሳውም ነብሩም የሰው ባልንጀራ ናቸው። ሥዕሉን ከሌሎች የአራዊት ሥዕሎች የሚለየው ይህ ነው።

ጻድቁና ምድረ ከብድ

በገድላቸው መሠረት አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ የተወለዱት በግብፅ፣ ንሂሳ በተባለ ቦታ ነው። አባታቸው ስምዖን፣ እናታቸው አቅሌስያ ይባላሉ። ገድሉ ጻድቁ በግብፅ 300 ዓመት ከኖሩ በኋላ በንጉሥ ላሊበላ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ እንደ መጡ፣ በኢትዮጵያም 262 ዓመት እንደ ቆዩ፣ ዕድሜያቸውም በጠቅላላው 562 ዓመት እንደ ነበር ይተርካል። እህል ሳይቀምሱ፣ ልብስ ሳይለብሱ፣ በበረሃ ከአራዊት ጋር ኖረዋል ይላል።

ዝቋላ ከቢሾፍቱ በስተደቡብ ምዕራብ የሚገኝ፣ በአናቱ ላይ ሐይቅ ያለበት የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። ጻድቁ በዚህ ሐይቅ ውስጥ ተዘቅዝቀው ለኢትዮጵያ ሕዝብ ምሕረት 100 ዓመት ጸለዩ ተብሎ ይታመናል። ያረፉት ደግሞ በምድረ ከብድ ነው። ገዳሙ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው አቅጣጫ፣ ክስታኔ በሚባሉት የሶዶ ጉራጌዎች አገር ይገኛል። ይህ አካባቢ ለረጅም ጊዜ ማዕከሉ ወልቂጤ በሆነው በጉራጌ ዞን ሥር ቆይቶ፣ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተመሠረተ ወዲህ ቡታጅራን ማዕከሉ ባደረገው በምሥራቅ ጉራጌ ዞን ውስጥ ተካቷል።

የጻድቁ ዓመታዊ በዓል መጋቢት 5 እና ጥቅምት 5 ቀን ይከበራል። ወር በገባ በ5ኛው ቀንም ይታሰባሉ። በዓመታዊ በዓላቱ ወደ ዝቋላና ወደ ምድረ ከብድ ብዙ ምዕመናን ይጓዛሉ።

የሥዕሉ ይዘት

ሥዕሉ በቀላሉ የሚለዩ ምልክቶች አሉት። ጻድቁ ረጅም ነጭ ጢምና ጠጉር ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ገላቸውን የሚሸፍነው ጠጉር በአንዳንድ ሥዕሎች የወፍ ላባ ይመስላል። ወገባቸውን በመታጠቂያ ያስራሉ፤ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ይዘረጋሉ።

በትውፊቱ ጻድቁን የሚከተሉት 60 አንበሶችና 60 ነብሮች ናቸው። 120 አውሬ በአንድ ግድግዳ ላይ መሣል ስለማይመች ሠዓሊው ከየወገኑ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ይሥላል፤ እነርሱም የሁሉም ወኪሎች ይሆናሉ። ብዙ ጊዜ አንበሶቹ በአንድ ወገን፣ ነብሮቹ በሌላው ወገን ይቆማሉ፤ ወይም ከእግራቸው ሥር ይተኛሉ።

በጻድቁ ፊት አጠገብ ደግሞ ወፍ ይሣላል። ስለ ወፉ ሁለት ትረካዎች አሉ። በአንደኛው ሰይጣን በቁራ ተመስሎ መጥቶ ዓይናቸውን አጥፍቷል። በሌላው ወፉ በበረሃ ውኃ የጠማው ምስኪን ሲሆን ጻድቁ አዝነው እንባቸውን አጠጥተውታል። ስለዚህ ያው አንድ ወፍ እንደ ተመልካቹ እውቀት ጠላትም ወዳጅም ሊሆን ይችላል። አንበሶቹና ነብሮቹ ግን በሁሉም ዘንድ ወዳጆች ናቸው።

አሣሣሉ

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል የቆየ ልማድ አለ፦ ቅዱሳንና ደጋግ ሰዎች ሁለት ዓይናቸው እንዲታይ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ክፉዎችና ከሓድያን ግን አንድ ዓይናቸው ብቻ እንዲታይ በጎን ይሣላሉ። በብዙ የአቦ ሥዕሎች የአንበሶቹ አካል በጎን ቢሣልም ፊታቸው ወደ ተመልካቹ ዞሮ ሁለት ዓይናቸው ይታያል። የደጋጎቹ ወግ ለአውሬዎቹም ደርሷቸዋል ማለት ነው።

የአንበሳው ጎፈር እንደ ተበጠረ የሰው ጠጉር በተከታታይ መስመሮች ይሠራል። ፊቱም ሰው ሰው ይላል። የነብሩ ዝንጉርጉርነት በቢጫ ቆዳ ላይ በእኩል ርቀት በተደረደሩ ጥቁር ነጠብጣቦች ይገለጻል። ይህ የሚሆነው ሠዓሊው ሙያውን የሚማረው ከመምህሩና ከቀደሙ ሥዕሎች በመቅዳት ስለ ሆነ ነው። ሠዓሊው በዕድሜው አንበሳ አይቶ ላያውቅ ይችላል፤ የሚሥለው የአውሬውን መልክ ሳይሆን ትርጉሙን ነው።

በክብ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሉ በአብዛኛው በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ይገኛል። ብዙ ጊዜ የሚሣለው በጥጥ ጨርቅ ላይ ሲሆን ጨርቁ በግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ጣራው ሲያፈስና ግድግዳው ሲርስ ጨርቁ ስለሚላቀቅ ብዙ አሮጌ ሥዕሎች ጠፍተዋል ወይም በአዲስ ተተክተዋል።

የትኛው አውሬ እንደሚሣል ብቻ ሳይሆን የትኛው እንደማይሣልም ልብ ሊባል ይገባል። አንበሳ፣ ነብር፣ ንስርና ዘንዶ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ይታያሉ። በየመንደሩ ዳርቻ ሌሊት ሲጮኽ የሚያድረው ጅብ ግን በቅዱሳት ሥዕሎች ላይ እምብዛም አይገኝም። ሰው በየቀኑ የሚያውቀው አውሬና ሠዓሊው ለክብር የሚመርጠው አውሬ የተለያዩ ናቸው።

ቀደምት የአራዊት ምስሎች

በኢትዮጵያ ምድር የዱር እንስሳትን መቅረጽ ከክርስትና በፊት የነበረ ሥራ ነው። በየሐ ከጥንት ሕንፃ የተረፉ የዋልያ ምስል ያለባቸው ድንጋዮች አሉ። በሐውልቲ የተገኘውና በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ያለው የድንጋይ ዙፋንም ጠርዙ በተደረደሩ ዋልያዎች አጊጧል። በአክሱም አጠገብ በጎቦ ድራ ተራራ አንዲት እንስት አንበሳ ከ3 ሜትር በላይ ርዝመት ሆና በቋጥኝ ላይ ተቀርጻለች። ከሰሜኑ በተለየ በደቡብ፣ በጌዴኦ ውስጥ በሚገኘው ሸቤ የተቀረጹት የቤት ከብቶች ናቸው።

በክርስትናው ዘመን በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን የእንጨት ጣራ ላይ አንበሳ፣ ዝሆን፣ ቀጭኔና ሚዳቋን የመሳሰሉ እንስሳት በሰሌዳ በሰሌዳ ተቀርጸዋል። በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተተረጎመው «ፊሳልጎስ» የተባለው መጽሐፍ ደግሞ ስለ አንበሳ፣ ስለ ዝሆን፣ ስለ ንስርና ስለ ሌሎች ፍጥረታት ጠባይ ይናገርና ለእያንዳንዱ መንፈሳዊ ምሥጢር ይሰጣል። የአራቱ ወንጌላውያን ምልክቶች ከሆኑት ገጸ ሰብእ፣ ገጸ አንበሳ፣ ገጸ ላህምና ገጸ ንስር ጋር ይህ ትምህርት ሠዓሊው አውሬን እንደ ምልክት እንዲያይ አድርጎታል።

ከአራዊት ጋር የሚሣሉት አቦ ብቻ አይደሉም። የዋልድባው አቡነ ሳሙኤል በአንበሳ ላይ ተቀምጠው፣ አቡነ አረጋዊ በዘንዶ ወደ ደብረ ዳሞ ሲወጡ ይሣላሉ። ነቢዩ ዳንኤልም በአንበሶች ጉድጓድ ውስጥ ይታያል። ከሌሎች አገሮች በምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱስ ጄሮም ከአንበሳ ጋር ይሣላል። በግብፅ በረሃ የኖረው አባ ኖፈርም እንደ አቦ ገላው በጠጉር የተሸፈነ ነው። የአቦ ሥዕል የሚለየው በአውሬዎቹ ብዛትና በነብሩ መኖር ነው።

በጉራጌ ምድር ያሉ ሌሎች የጥበብ ሥራዎች

ከምድረ ከብድ ብዙ ሳይርቅ፣ በዚያው በሶዶ፣ የጢያ ትክል ድንጋዮች ይገኛሉ። በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ቦታ 36 ሐውልቶች ሲኖሩት 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። በድንጋዮቹ ላይ በብዛት የሚታየው ሰይፍ ነው፤ ክቦችና ቅርንጫፍ ያላቸው ምልክቶችም አሉ። አንበሳም ነብርም በዋና ምልክቶቹ ውስጥ የሉም። ድንጋዮቹ የመቃብር ምልክቶች እንደ ነበሩ በቁፋሮ ታውቋል። የጢያ ጠራቢ የሰውን ክብር በመሣሪያ ሲገልጽ የምድረ ከብድ ትውፊት ያለ መሣሪያ ከአውሬ ጋር የኖረን ሰው ያከብራል።

በወልቂጤና በቡታጅራ ከተሞች ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ። በመስጊድ ሕይወት ያለው ፍጡር ምስል ስለማይደረግ የመስጊዱ ውበት በጽሑፍ፣ በቀለምና በመስመር ቅርጽ ይገለጻል። ስለዚህ በአንድ ከተማ ውስጥ ግድግዳው በአንበሳና በነብር የተሞላ ቤተ ጸሎትና የአውሬ ምስል ፈጽሞ የሌለበት ቤተ ጸሎት ጎን ለጎን ይገኛሉ።

ከወልቂጤ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ደግሞ የግቤ ወንዝ ሸለቆ አለ። በወንዙ ጉማሬ ይኖራል፤ በአካባቢው የግቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ ተቋቁሟል። ጉማሬም እንደ ጅብ ሁሉ በአካባቢው ሕያው ሆኖ ሳለ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቦታ ያላገኘ አውሬ ነው።

ግዳይና አርማ

ከአቦ ሥዕል ጋር ጎን ለጎን የኖሩ ሌሎች ሁለት አመለካከቶች አሉ። የመጀመሪያው አደን ነው። በቀድሞው ዘመን አንበሳ፣ ዝሆን ወይም ጎሽ የገደለ ሰው በፉከራ ስሙን ያስጠራ ነበር። የአንበሳ ጎፈር በራሱ ላይ ያደርጋል፤ የአንበሳ ወይም የነብር ለምድ ይደርባል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በአዲስ አበባ በሸራ ላይ ይሣሉና ይሸጡ ከነበሩት ሥዕሎች ውስጥ የአደን ትዕይንት አንዱ ነበር። በእነዚህ ሥዕሎች አውሬው ጦርና ጥይት ይዘንብበታል።

ሁለተኛው የመንግሥት አርማ ነው። «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው የነገሥታት መጠሪያ በማኅተም፣ በገንዘብና በቴምብር ላይ አንበሳን አስቀምጧል። ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል በ1923 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለገሃር ፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት የፈረንሳዊው ቀራፂ የዦርዥ ጋርዴ ሥራ ነው። ጣሊያኖች አዲስ አበባን ከያዙ በኋላ ሐውልቱን ወደ ሮማ ወሰዱት፤ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ተመልሶ በቦታው ቆመ። በብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለውን የድንጋይ አንበሳ ደግሞ ሌላው ፈረንሳዊ ሞሪስ ካልካ ለንጉሠ ነገሥቱ የ25ኛ ዓመት የንግሥ በዓል በ1948 ዓ.ም. ሠርቶታል። ዘውዱ ከወረደም በኋላ የአንበሳ ራስ ከኢትዮጵያ ሳንቲሞች ላይ አልተነሣም።

ሥዕሉ በዛሬው ዘመን

በአሁኑ ጊዜ የአቦ ሥዕል በብዛት የሚታየው በወረቀት ታትሞ ነው። በየበዓሉ በአብያተ ክርስቲያናት ደጃፍ ይሸጣል፤ በየቤቱና በየመኪናው ውስጥ ይሰቀላል። በብዙዎቹ ኅትመቶች አንበሶቹና ነብሮቹ የፎቶግራፍ አውሬ ይመስላሉ፤ ብርሃንና ጥላ አላቸው፤ ጎፈራቸው አይቆጠርም። በዚህ ምክንያት አውሬው ይበልጥ እውነተኛ ሲመስል ሁለት ዓይንን በማሳየት ይተላለፍ የነበረው የቀድሞው ቋንቋ እየተዘነጋ ነው።

የሥዕሎቹ ቁጥር ሲበዛ የሕያዋኑ አውሬዎች መኖሪያ ግን ጠብቧል። አንበሳ ዛሬ በኢትዮጵያ የሚገኘው በአብዛኛው በጥብቅ ቦታዎችና ራቅ ባሉ ቆላዎች ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው የስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ በነበሩ 15 አንበሶች ላይ ተደርጎ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘረመል ጥናት እነዚህ ከራስ እስከ ሆድ የሚወርድ ጥቁር ጎፈር ያላቸው አንበሶች ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች በዘር የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ተመራማሪዎቹም ዘራቸው እንዲጠበቅ አሳስበዋል።

መጋቢት 5 ቀን ወደ ምድረ ከብድ ከሚወጣው ምዕመን ብዙው አንበሳና ነብር የሚያውቀው በሥዕል ነው። ሥዕሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሣሉት ሰዎች በአውሬ የሚፈራ አገር ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ ለእነርሱ ተአምሩ አውሬው ሰውን አለመብላቱ ነበር። አውሬው ሰውን በሚፈራበት በዛሬው ዘመን ያው ሥዕል ሰው አውሬውን አለመግደሉንም የሚያሳይ ሆኖ ሊታይ ይችላል።