የሕይወት መድን ገንዘብ የሚከፈለው ለማን ነው?

የሕይወት መድን የሚገባ ሰው ስለ ዐረቦኑና ስለሚከፈለው ገንዘብ አጥብቆ ይጠይቃል። «ተጠቃሚ» የሚለውን ቦታ ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ይተወዋል፤ አለዚያም «ሕጋዊ ወራሾቼ» ብሎ ያልፈዋል። ከሞት በኋላ ቤተሰብን በፍርድ ቤት ደጃፍ የሚያመላልሰው ይኸው ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 827 ጉዳዩን በአጭሩ ቆርጦታል። ሟቹ ተጠቃሚ ካልወሰነ፣ ወይም ሌላ ሳይጨምር ለወራሾቹ ብሎ ከተዋዋለ፣ ገንዘቡ የውርስ ሀብት ይሆናል። ከዚህ ውጭ ከውርሱ ጋር አይደባለቅም።

ልዩነቱን በምሳሌ እንየው። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር የ600 ሺህ ብር የሕይወት መድን ገብቶ ሞተ እንበል። ባለቤት አለችው፤ ልጆቹ ግን ከቀድሞ ትዳሩ የወለዳቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው። የ200 ሺህ ብር ዕዳ አለበት፤ ኑዛዜ አልተወም፤ ሌላ ሀብትም የለውም። የባለቤቱን ስም በተጠቃሚነት አስጽፎ ከነበረ 600 ሺውን የምትቀበለው እሷ ናት። ባዶ ትቶት ከሆነ ግን የቀብሩና የውርስ ማጣራቱ ወጪ ይቀድማል፤ ቀጥሎ ዕዳው ይከፈላል። የተረፈውን ሁለቱ ልጆች እኩል ይካፈሉታል።

ባለቤቱስ? በሕጋችን የትዳር ጓደኛ ያለ ኑዛዜ ወራሽ አይደለም። ልጅ ባይኖር እንኳ ውርሱ የሚሄደው ወደ ሟቹ ወላጆች ነው። ዐረቦኑ ከጋራ ሀብታችን ተከፍሏል ብላ ልትከራከር ትችላለች፤ ክርክሩ ግን ጊዜና የጠበቃ ገንዘብ ይፈልጋል፤ እሷ ደግሞ ገና ሐዘን ላይ ናት። «ሚስቴ አለች፣ እሷ ትወስደዋለች» በሚል እምነት ቅጹን ሳይሞሉ መተው አብራ የኖረችን ሴት ለዚህ እንግልት መዳረግ ነው። እኔ ይህን ይቅር የማይባል ቸልተኝነት እለዋለሁ።

ከባንክ ብድር ጋር የተያያዘ የሕይወት መድን ከሆነ ደግሞ ቀድሞ የሚከፈለው ባንኩ ነው። ተጠቃሚው አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ሲሆን ገንዘቡን የሚረከብለት ሞግዚቱ ነው፤ ስለዚህ ማን እንደሚሆን አስቀድሞ ማሰብ ይበጃል።

በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ቢወጣም የመድን ውል የሚገዛው እስካሁን በ1952ቱ ሕግ ነው፤ ስለዚህ አዲሱ ሕግ ያስተካክለዋል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም።

መሥሪያ ቤትዎ የቡድን ሕይወት መድን ገብቶልዎት ከሆነ ቅጹን የሞሉት ምናልባት በተቀጠሩበት ቀን፣ ሳያገቡና ሳይወልዱ ነው። በዚህ ሳምንት የሰው ኃይል ክፍሉን ጠይቀው ያውጡት፤ የተጠቃሚዎችን ሙሉ ስም ከነአያት፣ የእያንዳንዳቸውንም ድርሻ በመቶኛ ጽፈው ያድሱት።