የአሜሪካ ኮሌጆች የውጭ አገር ስፖርተኛ ተማሪዎችን የሚመለምሉበት አሠራር

ኬንያዊው ሯጭ ሄንሪ ሮኖ እ.ኤ.አ በ1978 ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ያሻሻለው በአሜሪካ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ነበር። ናይጄሪያዊው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሃኪም ኦላጁዋንም እ.ኤ.አ በ1980 ወደ ሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ ያቀናው በዚሁ መንገድ ነው። የእነርሱን ፈለግ ለመከተል የሚሹ ወጣቶች ብዙ ቢሆኑም፣ አብዛኞቹ የሚሰናከሉት በሜዳ ላይ ሳይሆን በሰነድ ነው።

የኮሌጅ ስፖርቱን በዋናነት የሚመራው መቀመጫውን በኢንዲያናፖሊስ ያደረገው ብሔራዊ የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር (ኤን.ሲ.ኤ.ኤ) ነው። አባል ተቋማቱ በሦስት ዲቪዚዮኖች የተከፈሉ ሲሆን፣ የሦስተኛው ዲቪዚዮን ኮሌጆች በስፖርት ችሎታ ላይ የተመሠረተ የነፃ ትምህርት ዕድል አይሰጡም። እነሃርቫርድ የሚገኙበት አይቪ ሊግም እንዲሁ ሲሆን፣ ድጋፍ የሚሰጠው የቤተሰብን የገቢ አቅም በማየት ነው።

ተማሪው አሠልጣኝ መጥቶ እስኪያገኘው መጠበቅ አይኖርበትም። በአትሌቲክስ በታወቀ ውድድር የተመዘገበ ሰዓት፣ በቡድን ስፖርት ደግሞ የጨዋታ ቪዲዮ ከትምህርት ውጤቱ ጋር አያይዞ በቀጥታ ለኮሌጁ አሠልጣኝ መላክ የተለመደ ነው። ተጫዋቹን ኮሌጅ ባስገባበት ወይም ባስገኘለት የገንዘብ ድጋፍ መጠን ልክ ክፍያ ከሚጠይቅ ደላላ ጋር መዋዋል ግን የተጫዋቹን ተሳትፎ አደጋ ላይ የሚጥል ነው።

በአንደኛና በሁለተኛ ዲቪዚዮን ለመወዳደር በማኅበሩ የብቃት ማረጋገጫ ማዕከል መመዝገብ ግዴታ ነው። አንደኛው ዲቪዚዮን 16 መሠረታዊ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቶችንና ከ4 ነጥብ ቢያንስ 2 ነጥብ 3 አማካይ ውጤት ይጠይቃል። ማኅበሩ የመግቢያ ፈተና ውጤት መጠየቁን እ.ኤ.አ በ2023 ቢያቆምም፣ ኮሌጆቹ የእንግሊዝኛ ችሎታ ማረጋገጫን ጨምሮ የራሳቸውን መስፈርት ያስቀምጣሉ። ከእንግሊዝኛ ውጭ በሆነ ቋንቋ የተጻፈ የትምህርት ማስረጃ ከተረጋገጠ ትርጉም ጋር መቅረብ አለበት።

ከኢትዮጵያ በሚላኩ ማስረጃዎች ረገድ ጥንቃቄ የሚሻው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ተማሪው ሁለተኛ ደረጃን ያጠናቀቀበት ጊዜና ከዚያ በኋላ ያደረጋቸው ውድድሮች በማዕከሉ ስለሚመረመሩ፣ ሰነዱ ላይ የኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት ብቻ ከሰፈረ የ7 ወይም የ8 ዓመት ስህተት ሊፈጠር ይችላል። ሰነዱን የሚሰጠው ክፍል የጎርጎርዮሳዊውንም ቀን አብሮ ቢያሰፍር ተማሪውን ከብዙ ምልልስ ያድነዋል።

ማኅበሩ ለረጅም ጊዜ የሠራበትን የስምምነት ደብዳቤ እ.ኤ.አ በ2024 በማስቀረቱ፣ ዛሬ የሚያስተማምነው ኮሌጁ የሚሰጠው የጽሑፍ የገንዘብ ድጋፍ ውል ነው። እ.ኤ.አ ከ2025 ወዲህ ኮሌጆች ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ መክፈል ቢፈቀድላቸውም፣ የኤፍ-1 ተማሪ ቪዛ ሥራን በጥብቅ ስለሚገድብ የውጭ አገር ተማሪዎች ከዚህ ገቢ ተጠቃሚ መሆን ይቸገራሉ።

ድጋፉም አብዛኛውን ጊዜ ከፊል ነው። ኮሌጁ አይ-20 የተሰኘውን ቅጽ የሚሰጠው ቀሪው ወጪ ከየት እንደሚሸፈን ሲረጋገጥ ሲሆን፣ ይኸው ጥያቄ በኤምባሲው ቃለ መጠይቅ ላይም ሊነሳ ይችላል።